ለፋሲካ የመረጥኩት ወይን ጠጅ

ስለ ፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ብትጠይቁኝ ጣዕሙን ሳይሆን ክብደቱን ነው የምነግራችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ስገዛና ስሸጥ ኖሬአለሁ። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ለቃቅመው በማዳበሪያ ያመጡልኛል፤ እኔ እለያለሁ፣ አሳጥባለሁ፣ ለጠጅ ቤት፣ ለማር ነጋዴና ለዘይት ቸርቻሪ እሸጣለሁ። ከቦርዶ የሚመጣውን ትከሻማ ጠርሙስ ከቡርጎኝ ከሚመጣው ትከሻ የለሽ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ቂጡ ወደ ውስጥ በጣም የጎደጎደ ከሆነ ውድ ወይን እንደነበረበት አውቃለሁ፤ አውራ ጣቴን ከትቼ ነው የምለካው። ጠጪው ያስተረፋት ጠብታ አንዳንዴ እጄ ላይ ትፈሳለች፤ ከሆምጣጤ ሽታ በቀር የነገረችኝ ነገር የለም። ሙሉውን ጠርሙስ ግን ከፍቼ አላውቅም ነበር።

በዚህ እውቀቴ ተማምኜ የሠራሁትን ስህተት ለሰው ብናገረው ይሻለኝ ነበር። ጠባዬም እንደዚያ ነው፤ አፌ አይችልም። ዕድር ላይ ዳኛውን፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን፣ ቤት ውስጥ ሚስቴን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይህንን ግን ለማንም መናገር ስላልተፈቀደልኝ እጽፈዋለሁ።

አንዲት ልጅ አለችን። ተማረች፣ ተመረቀች፣ ቦሌ በኩል ቢሮ ገባች፣ እዚያው ካገኘችው ልጅ ጋር ተጋባች። ሠርጉን የደገሱት እነሱ ናቸው፤ እኛ በተከራየሁት ሱፍ ተጠርተን እንደመጣ እንግዳ ተቀመጥን። የባሏ አባት ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጠርሙስ አስመጪ እንደሆኑ ልጃችን ነግራናለች። በዚህ ጊዜ ከባድ ሥራ ነው» አሉኝ። ልጄን ዞር ብዬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ቬሎ ለብሳ እንደዚያ አንገቷን ስትደፋ ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ «አዎ፣ ከባድ ነው» አልኳቸው።

ከሠርጉ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤታችን የመጣችው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ባሏን ይዛ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ ምክንያት አላት፤ መንገዱ ተቆፍሯል፣ መኪና ማቆሚያ የለም፣ ባሏ ፊልድ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት ግን ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል መጣችና አማቷ ራሳቸው ለፋሲካ ምሳ እናንተ ቤት ካልመጣሁ እንዳሉ ነገረችን። ግድግዳውን ታያለች፣ መጋረጃውን ትነካለች፣ በር ላይ የተደረደረውን ማዳበሪያ በዓይኗ ትቆጥራለች። 

«አባዬ፣ ያን ቀን ይኼ ሁሉ ከዚህ ይነሳል» አለችኝ።

«ይነሳል።»

«አማቴ ፈረንሳይ አገር ነው የተማሩት። በዓል ያለ ቀይ ወይን አይሆንላቸውም። ጥሩ የፈረንሳይ ወይን ግዛልኝ። ምግቡን እማዬ ታውቅበታለች።» ቦርሳዋን አንስታ ደግሞ፣ «ብዙ አታውራ፣ እሺ?» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ያ ምሳ በደህና ካለፈ ልጄ እንደ ሰው ልጅ እየወጣች እየገባች፣ ባሏን ይዛ፣ ኋላም ልጅ አዝላ እየመጣች እኛም በወግ እናረጃለን ብዬ ነው። ከዚያ ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ችግሩ የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ አለመቻሌ ነበር። ከአጠገቤ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ሐጂ አሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ጅቡቲ እየተመላለሱ ሲነግዱ ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ይናገሩ ነበር። ለመንኳቸው። «በስተርጅናዬ ለመጠጥ አስተርጓሚ ልታደርገኝ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው ተከተሉኝ። ወደ መጠጥ መሸጫው ግን አልቀረቡም። መንገዱን ተሻግረው፣ ጀርባቸውን ለሱቁ ሰጥተው ጫማ የሚያማርጡ መስለው ቆሙ። እኔ እገባለሁ፣ የጠርሙሱን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ መንገዱን ተሻግሬ አሳያቸዋለሁ።

«ይኼ ከልዩ ልዩ ቦታ ተሰብስቦ የተቀየጠ ነው ይላል። ተወው» አሉኝ ስለ መጀመሪያው። ስለ ሁለተኛው፣ «ይኼ ጣፋጭ ነው፤ ለምግብ አይሆንም» አሉ። ሦስተኛውን ግን ፎቶውን በጣታቸው እያሰፉ ደጋግመው አነበቡት። 

«ቦርዶ ነው። እዚያው የበቀለበት ግቢ ውስጥ ታሸገ ይላል። ሰው ዕቃውን በገዛ እጁ ካሸገ ይተማመንበታል ማለት ነው። እኔ የምጠጣ ብሆን ይኼንን ነበር የምወስደው፤ አላህ ይጠብቀኝና።»

ተመልሼ ገብቼ ጠርሙሱን አነሳሁት። የሱቁ መብራት ደብዛዛ ነው፤ እኔም በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው የማምነው። ከበድ ይላል፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ አውራ ጣቴ ቂጡ ውስጥ እስከ አንጓው ገባ። ከሌሎቹ ሁለት ይልቅ ይኼኛው ለእጄ እንግዳ አልሆነም፤ ደስ አለኝ። ይህም የጥሩ ወይን ምልክት መሰለኝ።

ለእጄ እንግዳ ያልሆነው የገዛ ጠርሙሴ ስለነበረ ነው። እኔው በባዶው የሸጥኩትን ጠርሙስ ሞልተው፣ ቡሽ ወትፈው መልሰው ሸጡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርሙስ ሲመጣልን በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ወረቀቱ ይላቀቃል። አንድ ደንበኛ ግን ነበረኝ፤ የውጭ ወይን ጠርሙስ ብቻ ነው የሚወስደው፣ እሱንም ወረቀቱ ሳይነካ። እሱ የሚፈልገው ጠርሙስ በስህተት በርሜል እንዳይገባ ቂጡ ሥር ነጭ የቀለም ነጥብ እናደርግበት ነበር። ምን ሊሠራበት ነው ብዬ አልጠየቅኩም ብል ውሸት ነው። ጠይቄው «ለጌጥ ነው» ብሎኛል። ለጌጥ በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ ጠርሙስ የሚጨርስ ሰው እንደሌለ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። በሌላው ነገር ሁሉ የማይዘጋው አፌ እዚህ ላይ ተዘጋ፤ ደንበኛዬ ጥሩ ከፋይ ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ ማዳበሪያዎቹን በሙሉ ወደ ሐጂ መጋዘን አዛወርን። ሚስቴ በሩን በአዲስ መጋረጃ ሸፈነችው፤ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለ። በበዓሉ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ልጄ ባሏንና አማቷን ይዛ ገባች። አማቷ ደህና ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጠባቧ ቤታችን ውስጥ ገብተው ግራ ቀኝ አላዩም፤ ሚስቴን ስመው ዶሮ ወጡ ከመንገድ ጀምሮ እንደሸተታቸው ነገሯት። ከዶሮው በኋላ ቁርጡ ሲቀርብ ጠርሙሱን አወጣሁት።

ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይኼንን ከየት አገኙት? ተማሪ ሳለሁ በዓመት አንዴ፣ ለልደቴ ብቻ ነበር የምገዛው» አሉኝ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ለአንድ አፍታ ያህል የዓለም አስመጪ ሁሉ አለቃ ሆንኩ።

ቡሹን እሳቸው ነቀሉት። መጀመሪያ ለእኔ ጥቂት ቀዱልኝና፣ «ወጉ እንደዚህ ነው፤ ባለቤቱ ቀምሶ ይሁን ካላለ ለእንግዳ አይቀዳም» አሉ። ቀመስኩ። ጎመዘዘኝ፤ ወይን መጎምዘዝ ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? አራት ሰው አፍ አፌን ያየኛል። «በጣም ጥሩ ነው» አልኩ።

ቀድተው ቀመሱ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ ከፍ አድርገው ያዙት፤ ቀለሙን ሊያዩ ነው። እኔ ፊት ለፊታቸው ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ነበር የተቀመጥኩት፤ ቂጡን አየሁት። ነጩ ነጥብ እዚያ አለ።

ልጄም አየችው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ እየመጣች በቀጭን ብሩሽ ነጥቡን የምትቀባው እሷ ነበረች። ሚስቴ ሁለታችንን አይታ ገባት፤ ሰሃን የምታነሳ መስላ ወደ ጓዳ ሄደች።

«አዝናለሁ፤ አታለውዎታል» አሉ አማቷ። «ይኼ ወይን አይደለም። ስኳርና ቀለም ገብቶበታል። እርስዎ ምንም ጥፋት የለብዎትም።»

«ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

«ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰቡ እየሞሉ ይሸጣሉ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን በዓይኔ አየሁት። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ የሞላው ሰው አይደለም። ጠርሙሱን ማን ሰጠው? ወረቀቱ ሳይላጥ፣ ሳይቆሽሽ፣ ተጠንቅቆ ያስቀመጠለት ሰው አለ። እሱ ምን እንደሚሠራበት አያውቅም ይባላል?»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ጠርሙሱ የእኔ ነው፣ አስመጪ አይደለሁም፣ ልጄን ያሳደግኩት በዚሁ ነው፣ ከፈለጋችሁ ውጡልኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ልጄ ቀደመችኝ።

«እንደዚህ ዓይነቶቹ መታሰር ነው ያለባቸው» አለች። የምታየው አማቷን አልነበረም፤ እኔን ነው። 

አፌን ዘጋሁ። «እውነትሽን ነው» አልኳት።

ምሳው ተበላ። አማቷ ሊያጽናኑኝ ብዙ ደከሙ። ሱቁን አብረን እንከሳለን፣ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ፣ አስመጪ ሰው ስሙ እንዲህ መጫወቻ መሆን የለበትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት መደብርዎ ድረስ መጥቼ እንመካከራለን አሉኝ። እያንዳንዱን ነገር በቅንነት ነው የሚናገሩት። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሲወጡ ልሸኛቸው በር ድረስ ሄድኩ፤ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ በጆሮዬ፣ «አባዬ፣ ልትናገር ነበር» አለችኝ።

«ነበር።»

«አየሁህ» አለችና ሮጣ መኪና ውስጥ ገባች።

አማቷ መደብሬን ሊያዩ በተነሱበት ቀን ታምሜአለሁ፣ ሐኪምም እንግዳ ከልክሎኛል ተባለ። ይህንን የነገረችኝ ሚስቴ ናት፤ ለሚስቴ የነገረቻት ልጄ ናት። ከዚያ ወዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። ለእንቁጣጣሽ ልጄ ያልመጣችው የእኔ ስኳር ከፍ ብሎ ስለሆነ ነው። ለገና ወገቤን ይዞኝ ነበር። እኔ ግን በየማለዳው ተነስቼ አብነት ካለው ቤቴ እስከ ምን አለሽ ተራ በእግሬ እሄድ ነበር፤ ጉንፋን እንኳን አልነካኝም። አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ ይደወልልኝና፣ «አባዬ፣ ዛሬ አልጋ ላይ ነህ፤ እሳቸው ከደወሉልህ እንዳታነሳ» ትለኛለች። 

የወረቀቱን ደንበኛ በበዓሉ ማግሥት መለስኩት። የውጭ ጠርሙስ የሚባል ሁሉ በርሜል እንዲገባ፣ ወረቀቱም ተፍቆ እንዲነሳ አዘዝኩ። ሰውዬው አልተከራከረኝም፤ ሁለት ሱቅ አልፎ ሌላ ነጋዴ ጋ ገባ። አሁንም በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ ተሸክሞ በፊቴ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል።

ጥር ላይ ሚስቴ ደብረ ብርሃን ያለች እህቷ እንደታመመችባት ነግራኝ ሄደች። ሳምንት ያለችው ሦስት ሳምንት ሆነ። ስትመለስ ወዟ መለስ ብሎ፣ ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ መጣች፤ በሽተኛ ስታስታምም የከረመች አትመስልም ነበር። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ከእጇ አትለይም፤ ስገባ ታጠፋዋለች። ደብረ ብርሃን ብላ ከሄደች በአርባኛው ቀን ደግሞ ማኅበር አለብኝ ብላ ነጭ ለብሳ ሄዳ ማታ ተመለሰች። 

ዘንድሮ በፋሲካ ጠዋት በር ተንኳኳ። የአማቷ ሹፌር ነው፤ በሠርጉ ጊዜ አውቀዋለሁ። በወረቀት የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል። 

«አባባ ናቸው የላኩት። ባለፈው ዓመት ያመለጠዎትን ይቅመሱልኝ ብለዋል። ተሻለዎት ግን ጋሼ?»

«ትንሽ ተሽሎኛል» አልኩት። ያን ያህል ጊዜ ታምሜ ስኖር ለምዶብኝ፣ ሳላስበው በሩን ደገፍ አልኩ።

«ተመስገን። እንኳን ማርያም ማረቻት። ክርስትናው ላይ ስላልመጡ ሁሉም ሰው ሲጠይቅ ነበር፤ አባባማ በጣም ነው ያዘኑት። ልጁ ቁርጥ እርስዎን ነው አሉ። እትዬ አራሷን ሊጠብቁ የመጡ ጊዜ በየቀኑ ገበያ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ናቸው አያቱን ነው የሚመስለው ያሉን።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ጠርሙሱን ተቀብዬ እንኳን አደረሰህ ማለቴን አውቃለሁ። ስዞር ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ወንድ ነው?» አልኳት።

«ወንድ ነው።»

«ደብረ ብርሃን አልሄድሽም።»

«አልሄድኩም።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ምን ላድርግ? ምጥ ላይ ሆና እማዬ ድረሽልኝ አለችኝ። ለአባዬ ንገሪው አላለችም። አባዬ አፉ አይችልም፣ ከመጣ ይናገራል፣ ካልመጣ ነው የሚሻለው አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? እውነቷን ነው።»

ሠላሳ ዓመት አብሬአት ስኖር እንደዚያ ቀን ተናድጄባት አላውቅም። ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። አንድ ቀይ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ ግንባሩ ሰፊ ሕፃን በነጭ ፎጣ ተጠቅልሏል። አዎ፣ እኔን ነው። ጆሮው ሳይቀር እኔን ነው። ክርስትናው ቀን የተነሳውንም አሳየችኝ፤ አማቷ አቅፈውት ይስቃሉ፣ ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ።

«ማወቅህን እንዳትነግራት» አለችኝ ሚስቴ። «ካወቀች እኔንም አታስገባኝም። ቢያንስ አንዳችን እንየው።»

ለምሳ ጠርሙሱን ከፈትኩት። መጀመሪያ ገልብጬ ቂጡን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሚስቴ አልጠጣም አለች። ብቻዬን አንድ ብርጭቆ ቀዳሁና በዝግታ፣ ወጉን ጠብቄ ጠጣሁት። ጎመዘዘኝ። ልጄን ያጣሁበት ወይን ከዚህ በምን እንደሚለይ ልገምት ሞከርኩ፤ ደግሜ ቀመስኩ፣ አልቻልኩም። ለእኔ አንድ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጄ ደወለች። እንኳን አደረሰህ አባዬ አለችኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት። ሥራ እንዴት ነው አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ሚስቴ ከማዶ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ቆጣ ያለ። ልጄ ንግግሯን አቋረጠች።  

«የጎረቤት ልጅ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«ርቦት ይሆናል» አልኳት። «እናቱ ታጥባው እንጂ።»